መጽሐፍ ስንጠይቅ ታብሌት

የልጆቻችን ትምህርት በተነሳ ቁጥር ታብሌት የሚባል መልስ ሰለቸን። በወላጆች ስብሰባ ላይ መጽሐፍ አልደረሰም ስንል ታብሌት ይባላል። መምህር ጎደለ ስንልም ታብሌት። ለበዓል ከውጭ የመጣ ዘመድ ቡና እየጠጣ የልጆቹን ደብተር ያገላብጥና፣ ከልቡ አዝኖ፣ «አሁን እኮ በጣም ርካሽ ታብሌት ወጥቷል፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ማዳረስ ይቻላል» ይለናል። ክፉ አስቦ የሚናገር የለም። እኛ ግን ቃላሚኖ የምንኖር፣ መቀሌ ውስጥ ልጅ የምናሳድግና የምናስተምር ሰዎች፣ ይህ ንግግር በመጣ ቁጥር የጠየቅነው ነገር ሳይመለስ መቅረቱን አይተናል። ስለዚህ ደክሞናል።

ቃላሚኖ ሲባል ከመቀሌ ውጭ ያለ ሰው ትዝ የሚለው ልዩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ነው። የትግራይ ልማት ማኅበር ያቋቋመው፣ በውጤታቸው ተወዳድረው የተመረጡ ልጆች የሚገቡበት፣ በ12ኛ ክፍል ፈተና ስሙ የሚጠራ ትምህርት ቤት ነው። እንኮራበታለን። ስሙን ያተረፈው ጎበዝ ተማሪና ትጉህ መምህር እዚያ ስለተገናኙ ነው፤ ይህን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ይመሰክራል። ነገር ግን በዚያ አጥር ሥር እየተመላለሱ የሚያድጉት ልጆች አብዛኞቹ ወደ ግቢው አይገቡም። ሌላ ትምህርት ቤት ይማራሉ፤ አንድ መጽሐፍ ለሦስት ለአራት እየተካፈሉ፣ አንዳንዴም ጨርሶ ሳያገኙ። እኔ የማወራው ስለ እነዚህ ነው። ርካሽ ታብሌት የሚታሰብላቸውም እነዚህ ናቸው።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በሀገሪቱ ሥራ ላይ መዋል ከጀመረበት ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የሁለተኛ ደረጃ መጽሐፍ ከማተሚያ ቤት በፊት በቴሌግራም ደረሰ። ፒዲኤፍ ተለቀቀ፣ አውርዱ ተባልን። መጽሐፉ እስኪታተም ለጊዜው ነው የተባለው ነገር ቀስ በቀስ ልማድ ሆነ። ዛሬ ልጅ «መጽሐፍ የለኝም» ሲል «ሶፍት ኮፒ አለልህ አይደል?» የሚል መልስ ይሰጠዋል። ሶፍት ኮፒው የሚነበብበት መሣሪያ፣ መሣሪያው የሚሞላበት መብራት፣ ፋይሉ የሚወርድበት ዳታ ከየት እንደሚመጣ የሚጠይቅ የለም። መጽሐፍ ማሳተም የመንግሥት ወጪ ነበር። አሁን ወጪው ሳናውቀው ከትምህርት በጀት ወጥቶ ወደ ወላጅ ኪስ ገብቷል። የታብሌቱ ወሬ ከሁሉ በላይ የሚያበሳጨኝ በዚህ ምክንያት ነው።

እስኪ ርካሹን ታብሌት ራሱን እንየው። ገበያ ላይ የሚገኘው ዓይነት ደማቅ የፕላስቲክ ልባስ ያለው፣ ካርቶኑ ላይ የሕፃናት ሥዕል የታተመበት፣ «64 ጂቢ» ተብሎ የተጻፈበት ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ብታዩም 64 ይላችኋል። ጠጋኙ ዘንድ ወስዳችሁ ሲከፈት ግን ውስጡ ያለው ሚሞሪ 8 ወይም 16 ሆኖ ይገኛል። ቁጥሩን በሶፍትዌር ከፍ አድርገው የሚያሳዩ አምራቾች በዓለም ገበያ ሞልተዋል፣ ዕቃቸውም የሚደርሰው መርምሮ የሚመልስ ተቆጣጣሪ ወደሌለበት አገር ነው። ልጁ ጥቂት መጽሐፍ ይጭናል፣ ቦታው ይሞላል፣ ከዚያ በኋላ የሚጭነው ፋይል አይከፈትም። ራሙም ትንሽ ስለሆነ ሥዕልና ሠንጠረዥ የበዛበት የባዮሎጂ መጽሐፍ ሲከፈት ሃንግ ያደርጋል። ልጁ ገጽ ለመግለጥ ጣቱን ያስነካል፣ ይጠብቃል፣ ደግሞ ያስነካል፣ ሁለት ገጽ ዘሎ ይሄድበታል። ከመጽሐፍ ጋር እንዲህ ታግሎ የሚያጠና ልጅ እስከ መቼ ይታገሣል?

ባትሪው ሌላ ጉዳይ ነው። የዚህ ዓይነት ሊቲየም ባትሪ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ያህል ከተሞላ በኋላ ጉልበቱ እየቀነሰ ይሄዳል። በየቀኑ ቻርጅ ለሚደረግ ታብሌት ይህ ከአንድ ዓመት ተኩል አይበልጥም፤ ያውም ባትሪው ደህና ሆኖ ከተሠራ። ርካሹ ከዚያ በፊት ቻርጅ መያዝ ያቆማል ወይም ያብጥና ስክሪኑን ከቦታው ይገፋዋል። የቻርጀሩ ቀዳዳ ይላላል፤ ልጁ ገመዱን በድንጋይ ደግፎ ወይም በላስቲክ አስሮ ያስሞላል። ታቹ ሲሰነጠቅ ደግሞ ነገሩ አበቃ። የታወቀ ስልክ ከሆነ ስክሪን በየሱቁ ይገኛል። ስም ለሌለው ታብሌት የሚገጥም ስክሪን ግን የለም፣ ጠጋኞቻችን ሁለት አሮጌ ታብሌት ፈትተው አንድ ለማውጣት ይሞክራሉ፣ ሳይሳካላቸው ሲቀርም ይመልሱልናል። ሬሳው ቁም ሳጥን ላይ ይቀመጣል፤ ባትሪው እንዳይጣል አደገኛ ነው፣ እንዳይሰበሰብ ሰብሳቢ የለም።

ስለ መብራት ብዙ ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር፣ ምክንያቱም ሁላችንም የምናውቀው ነው። ከመቀሌ ብዙም ሳይርቅ አሸጎዳ ላይ 120 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የነፋስ ኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲመረቅ በአፍሪካ ትልቁ ተብሎ ነበር። በትግራዩ ጦርነት ጊዜ ሥራ አቆመ። ከተማችንም ከ2013 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ከሀገሪቱ የኤሌክትሪክ መስመር ተቆርጣ ቆይታ እንደገና የተገናኘችው ኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው። ዛሬ መብራት አለ፣ ግን ይሄዳል፤ ሲሄድም የሚሄደው ልጅ በሚያጠናበት በማታው ሰዓት ነው። መጽሐፍ በሻማ ይነበባል፣ በኩራዝ ይነበባል፣ ጠዋት በር ላይ ተቀምጦ ይነበባል። ባትሪው የሞተ ታብሌት ለምንም አይሆንም።

በጎረቤታችን የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉ አንዲት እናት አሉ። ከውጭ በተላከላቸው ገንዘብ ለልጁ ታብሌት ገዙለት። አንድ ቀን መንገድ ላይ አስቁመውኝ «መምህር፣ እስቲ ይህችን ዕቃ ተመልከቱልኝ» አሉኝ።

«ምን ሆነችብዎ፣ አደይ?» ብላቸው፣

«እሷ ምንም አልሆነች። ልጁ ሌሊት አብርቷት ያድራል። ያጥና አያጥና እኔ በምን ልወቅ? ደብተር ሲሆን እኮ ገልጬ አያለሁ። ማንበብ ባልችልም የተጻፈበትን ካልተጻፈበት እለያለሁ።»

የእሳቸው ጥያቄ ከብዙ ባለሙያ ሪፖርት የበለጠ ነው የምለው ከልቤ ነው። ያልተማረ ወላጅ የልጁን ትምህርት የሚከታተልበት የራሱ መንገድ አለው። ደብተሩ ተሞልቷል ወይስ ባዶ ነው? ቀይ እስክሪብቶ ነክቶታል ወይ? የመጽሐፉ ጠርዝ በእጅ ብዛት ጠቁሯል ወይስ እንደ አዲስ ነው? እርሳሱ አልቋል? በዚህ ምልክት እየተመሩ ፊደል ሳይቆጥሩ ልጆቻቸውን ለዩኒቨርሲቲ ያበቁ እናቶች በከተማችን ሞልተዋል። ታብሌት ይህን ሁሉ ከእጃቸው ይወስዳል። መስታወቱ ላይ የሚበራው ፊዚክስ ይሁን ኳስ ጨዋታ እሳቸው አያውቁም፣ ልጁም እንደማያውቁ ያውቃል። ለድሃ አገር ተብሎ የሚሠራ መሣሪያ ሲነደፍ የልጁ ጣት እንዴት እንደሚነካው ይታሰባል፣ አያቱ ግን አትታሰብም።

ትምህርታችንን መሣሪያ ያሻሽለዋል የሚለው ተስፋ ስንት ጊዜ እንደመጣና እንደሄደ የረሳ ሰው ካለ ላስታውስ። በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ መጣ። የሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ግድግዳ ላይ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቀለ፣ ትምህርቱ በሳተላይት ከአንድ ማዕከል ይተላለፋል፣ መምህሩ መግቢያና መዝጊያ ተናግሮ አብዛኛውን ሰዓት ቆሞ ያያል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነበር፣ ያውም እኛ ባልለመድነው አነጋገርና ፍጥነት። ተማሪው አልገባኝም ቢል የሚሰማው የለም፣ እጁን ቢያወጣ የሚያየው የለም። መብራት ከሄደ የዚያ ቀን ትምህርት አለፈ፣ ስርጭቱ ማንንም አይጠብቅም። በዚያ ዘመን ጠመኔ የያዝን ሰዎች እስከዛሬ የሚቆጨን ልጆቹ የሆነ ነገር እየጠየቁን ዝም በሉ፣ አዳምጡ ማለታችን ነው። ስክሪኖቹ ከጊዜ በኋላ ተበላሹ፣ ስለ ፕላዝማ የሚያነሳም ጠፋ።

ሚሊኒየሙን ባከበርንበት በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ላፕቶፕ መጣ። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋሙ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እ.ኤ.አ. በ2005 ቱኒዝ ላይ ከኮፊ አናን ጋር ቆሞ ለዓለም ያሳየው፣ በእጅ ማዞሪያ የሚሠራው ባለ 100 ዶላር ላፕቶፕ ነው። ማዞሪያው ለሕዝብ ገና ሲታይ ተገንጥሎ ወደቀ፣ ለገበያ የወጣው ማሽን ላይም አልነበረም። ዋጋውም 100 ሆኖ አልቀረም፣ ምርቱ ሲጀመር ከ180 ዶላር አለፈ። ወደ ኢትዮጵያ 5,000 ገደማ ገብቶ በአዲስ አበባና በገጠር ለሚገኙ ጥቂት ትምህርት ቤቶች ታደለ። የግዕዝ ፊደል ያለው ኪቦርድ፣ በውስጡ የተጫነ የመማሪያ መጽሐፍ ነበረው። ይህ መልካም ነበር፣ መልካምነቱን መካድ አልፈልግም። ነገር ግን ልጆቹ ማሽኑን ሲቀበሉ መምህራኑ በቂ ዝግጅት አልተደረገላቸውም። ልጁ የያዘውን መምህሩ የማያውቀው ሆነ፣ ክፍል ውስጥ ጨዋታው በረታ፣ አንዳንድ መምህራንም ማሽኑ ክፍል እንዳይገባ ከለከሉ። እነሱን መውቀስ አይቻልም። ሃምሳ ስልሳ ልጅ ፊት የቆመ ሰው የማያውቀው ዕቃ ተማሪውን ሲወስድበት ምን ያድርግ?

እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ያንን ላፕቶፕ ያዘጋጀው ድርጅት ሰዎች በኦሮሚያ ሁለት መንደሮች፣ ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ፣ ፊደል ላላወቁ ሕፃናት ያለ መምህር ታብሌት ሰጡ። ዜናው ዓለምን ዞረ። ሕፃናቱ በጥቂት ቀን ውስጥ አብርተው ብዙ አፕሊኬሽን መክፈት ቻሉ፣ በሳምንታት የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ዘመሩ፣ በወራት ውስጥ ደግሞ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ከፈቱ ተባለ። የኢትዮጵያ ልጅ ብልህ መሆኑ ለእኛ ዜና አይደለም። ያንን ዜና ጠቅሶ «አያችሁ፣ መምህርም አያስፈልግም» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ግን ዝርዝሩን እንዲያነብ እለምነዋለሁ። ታብሌቱ ርካሽ አልነበረም፤ የሞቶሮላ ዙም ነበር፣ ያኔ በአሜሪካ ገበያ በመቶዎች ዶላር የሚሸጥ። መሙያ የፀሐይ ኃይል ተተክሎላቸዋል፣ አዋቂዎች አጠቃቀሙን ተምረዋል። በየሳምንቱ ሰው እየተላከ ሚሞሪ ካርድ ይቀይርና ልጆቹ ምን እንደነኩ ይመዘግብ ነበር። የልጆቹ ቁጥርም በየመንደሩ 20 ገደማ ነው። እኛ ዘንድ መቼ ነው በየሳምንቱ ለ20 ልጅ ብሎ ሰው የተላከልን? ከዚያ ሙከራ ወሬው ሲደርሰን ባትሪ መሙያው፣ ተመላላሹ ሰውና የመሣሪያው ዋጋ ከወሬው ወጥተው ነው።

ቀጥሎ የመጣው የፈተናው ታብሌት ነው። በኮሮና ምክንያት የተራዘመው የ2012 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በታብሌት ይሰጣል ተባለ፣ ተማሪው ተዘጋጀ፣ ታብሌቶቹ ግን በጊዜው አልደረሱም። ፈተናው በ2013 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ በወረቀት ተሰጠ። የትግራይ ልጆች ያኔ ጦርነት ውስጥ ስለነበሩ በወረቀቱም አልተቀመጡም። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ይህ ደግሞ የእኛ ብቻ አይደለም። ህንድ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2011 «አካሽ» የተባለውን የተማሪዎች ታብሌት ስታስመርቅ የዓለም ርካሹ ተብሎ ነበር፤ ዓላማው 35 ዶላር ነበር፣ መንግሥት የገዛው ግን 50 ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ነው። ፍጥነቱ 366 ሜጋ ኸርዝ፣ ራሙ 256 ሜጋ ባይት፣ ስክሪኑ ጠንከር ተደርጎ ካልተጫኑት የማይሰማ። ባትሪው ለአንድ የትምህርት ቀን አይበቃም። የህንድ የቴክኖሎጂ ተቋም ዕቃው ዝናብና አቧራ ይችል እንደሆነ እንፈትሽ ሲል፣ አምራቹ በዚህ ዋጋ እንዲህ ያለ ፈተና አይጠየቅም ብሎ ተከራከረ። ይህን ክርክር ሳነብ የእኛን ነፋስና አቧራ ነው ያሰብኩት። ዝናብ የማይችል ዕቃ ለማን ልጅ ነው የተሠራው? ለድሃ ልጅ ከሆነ፣ የድሃ ልጅ ነው በዝናብ በእግሩ ትምህርት ቤት የሚሄደው። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ፕሮጀክቱ ተዳፈነ። ፔሩ ደግሞ ከ800,000 በላይ ላፕቶፕ ለልጆቿ ገዛች። የኢንተር አሜሪካን ልማት ባንክ ተመራማሪዎች በ319 የገጠር ትምህርት ቤቶች አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ውጤት፣ በሒሳብም ሆነ በቋንቋ ትምህርት ላይ የታየ ለውጥ አላገኙም። ማሽኑ ደርሷል፣ ልጆቹም ይጠቀሙበታል፤ የትምህርቱ ውጤት ግን ባለበት ነው።

ስለ ዋጋው አንድ ነገር ልጨምር። 35 ዶላር የሚባለው ነገር በዚያ ዘመን ምንዛሪ 600 ብር ገደማ ነበር። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላር ከ100 ብር በላይ ነው፣ ያው 35 ዶላር ከ3,500 ብር በላይ ሆነ፣ ቀረጥ፣ መጓጓዣና የነጋዴ ትርፍ ሳይጨመርበት። ሌላ አገር ርካሽ የተባለ ዕቃ እዚህ ደሞዝተኛ ቤት ሲገባ ርካሽ አይደለም። በእርዳታ በነፃ ይሰጣል ብትሉም ስጦታው የሚያበቃው ሳጥኑ ሲከፈት ነው። ባትሪው፣ ቻርጀሩ፣ ስክሪኑ፣ ዳታው በየወሩ የእኛ ነው።

ቋንቋውን ደግሞ ማን አሰበው? እዚህ ልጅ እስከ 8ኛ ክፍል የሚማረው በትግርኛ ነው። በእነዚህ ታብሌቶች ተጭኖ የሚመጣው ጨዋታና ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው። የአካሽ ዘመን አንድሮይድ የግዕዝ ፊደል እንኳ አያሳይም ነበር፤ ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይደረደራል። ያ ችግር ዛሬ በአብዛኛው ተፈቷል። ፊደሉን የሚሞላው ይዘት ግን በብዛት አልተጻፈም። ለ3ኛ ክፍል ልጅ በትግርኛ የተዘጋጀ፣ ድምፅ ያለው፣ በመምህር የተገመገመ የሒሳብ ወይም የንባብ ትምህርት ለማዘጋጀት ሰው ያስፈልጋል፣ ለሰውየው ደሞዝ ያስፈልጋል፣ ጊዜ ያስፈልጋል። ለዚህ ገንዘብ የሚመድብ ሲጠፋ፣ ለመስታወቱ የሚመድብ ግን አይጠፋም። ታብሌት ሲታደል ፎቶ ይነሳል። አንድ መምህር ጠረጴዛ ላይ አጎንብሶ የትግርኛ የንባብ መልመጃ ሲጽፍ ፎቶ የሚያነሳው የለም።

መምህር ካልኩ አይቀር የሁላችንን ቁስል ልንካው። ትምህርት ቤቶቻችን በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ተዘጉ፣ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ጀመረ፣ ልጆቻችን ወደ ክፍል መመለስ የጀመሩት በ2015 ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ሦስት ዓመት። 4ኛ ክፍል ሆኖ የወጣ ልጅ ጢሙ እያጎነቆለ ተመለሰ። ብዙዎቹ አልተመለሱም። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ተጎድተው፣ ወንበርና መጽሐፋቸው ተዘርፎ ወይም ተቃጥሎ ነው የቆዩን፤ መቀሌ ውስጥም ብዙዎቹ የተፈናቃይ መጠለያ ሆኑ። መምህራኑ የ17 ወር ውዝፍ ደሞዛቸውን ሲጠይቁ ዓመታት አለፉ። ቤት ኪራይ ያልከፈለ፣ ልጁን በብድር ያሳከመ፣ ቀን አስተምሮ ማታ ሌላ ሥራ የሚፈልግ ሰው ክፍል ገብቶ ጠመኔ ይይዛል። ብዙ ባልደረቦቻችን ሙያውን ትተው ሄዱ፣ አንዳንዶቹ አገሩንም። እንዲህ ባለ ሰው ፊት ቆሞ «የትምህርት ጥራት በታብሌት ይሻሻላል» ማለት እንዴት ያስችላል? የተሰበረው ምን እንደሆነ በግልጽ እየታየ?

ኮምፒውተርን የሚጠላ ሰው ንግግር እንዳይመስላችሁ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኦንላይን እየተሰጠ ነው፣ ቁጥሩም እየጨመረ ይሄዳል። ማውስ ይዞ የማያውቅ ልጅ፣ ቤቱ ኮምፒውተር ካለው ልጅ ጎን ተቀምጦ በአንድ ሰዓት ይፈተናል። ይህ ስለሚያሳስበኝ መሣሪያ አይምጣ አልልም፣ ይምጣ ነው የምለው። ግን ለልጅ ቦርሳ የተሰጠ፣ ዓመት የማይቆይ መጫወቻ ሳይሆን፣ በትምህርት ቤቱ ክፍል ውስጥ የሚቀመጥ፣ ቁልፍ ያለው፣ በፀሐይ ኃይል የሚሞላ፣ ሲበላሽ የሚጠገን፣ ሰዓት ተመድቦለት ሁሉም ልጅ የሚደርሰው ደህና ኮምፒውተር ይሁን። መምህሩ ከተማሪው በፊት ይማረው። ጠጋኝ ወጣቶቻችን ይሠልጥኑበት፣ መለዋወጫው አብሮ ይምጣ። ይህ ዋጋው ከርካሹ ታብሌት ይበልጣል፣ የሚደርሰውም ለጥቂት ትምህርት ቤት ይሆናል። እንደዚያም ቢሆን እመርጠዋለሁ። ለሺህ ልጅ ሺህ ዕቃ አድሎ ከዓመት በኋላ ሺህ የሞተ ዕቃ ከመቁጠር፣ አሥር ኮምፒውተር አምስት ዓመት ቢሠሩልን ይሻለናል።

ከምንም በፊት ግን መጽሐፍ። አንድ የታተመ መጽሐፍ በደንብ ከተያዘ ለታናሽ ወንድም ይተላለፋል፣ ለጎረቤት ልጅ ይዋሳል። ቻርጅ አይፈልግም፣ አፕዴት አያምረውም፣ ጀርባው ቢላቀቅ ቤት ውስጥ በመርፌና ክር ይጠረዛል። ጠዋት በር ላይ ይነበባል፣ አያት ገልጣ ታየዋለች። ስለ ልጆቻችን የምታስቡ፣ ውጭ ያላችሁ ወገኖቻችን፣ ሳጥን ሙሉ ታብሌት ለመላክ ገንዘብ ከማዋጣታችሁ በፊት ወደ አንድ ትምህርት ቤት ደውላችሁ ስንት መጽሐፍ እንደጎደለ ጠይቁ። እዚህ በኃላፊነት ያላችሁም፣ ፒዲኤፍ ለቀናል ብላችሁ ጉዳዩን አትዝጉት። የመምህሩን ውዝፍ ክፈሉ፣ መጽሐፉን አትሙና ለልጁ በእጁ ስጡት። ስለ ታብሌቱ ከዚያ በኋላ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን።